የሬዲዮን ታሪክ ለማጥናት ለተነሣችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ የሬዲዮን ታሪክ ማጥናት የምትጀምሩት ከአዋጅ፣ ከኃላፊዎች ስምና ከደብዳቤ ቁጥር ነው። ዕድሜዬን በዚሁ ሥራ ላይ አሳልፌያለሁና አንድ ነገር ልምከራችሁ፤ ከአድማጩ ጀምሩ። ሰነዱ መዝገብ ቤት ይቆያችኋል። አድማጩ ግን እያረጀ ነው።

ብሥራተ ወንጌልን እንውሰድ። የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት የሆነው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ የሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተመረቀ፤ መርቀው የከፈቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። እኛ የምናስታውሰው የአማርኛውን ዝግጅት ነው። ጣቢያው ግን በአጭር ሞገድ ለሌላው አፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለእስያም ያሰራጭ ነበር። ካሜሩን ውስጥ፣ ንጋውንደሬ በምትባል ከተማ፣ በፉልፉልዴ ቋንቋ ዝግጅት የሚቀዳበት ስቱዲዮ ነበር። ቴፑ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከዚህ ደግሞ በሞገድ ተመልሶ እዚያው ይደመጣል። እስቲ አስቡት፤ ካሜሩን ያለ ከብት አርቢ የገዛ አገሩን ሰው ድምፅ የሚሰማው በእኛ በኩል ዞሮ ነው!

እንዲህ ያለውን ታሪክ አዲስ አበባ ብቻ ተቀምጦ መጻፍ አይሆንም። የፌዴሬሽኑ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ጄኔቫም፣ ንጋውንደሬም መድረስ ይጠይቃል። ደርግ ጣቢያውን መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ሲወርሰው ነገሩ የነካው እኛን ብቻ አልነበረም። እኛ ግን ዛሬም የምናወራው ስለ አገር ውስጥ ፖለቲካው ብቻ ነው። ይሄ ቅር ይለኛል። የዚያ ማዶውን አድማጭ ሄዶ የሚጠይቅ ከእናንተ መካከል ቢወጣ ደስታዬ ወሰን የለውም።

አንድ አዛውንት ፊት ስትቀመጡ «ምን ይሰሙ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ዜና ነዋ» ይሏችኋል፤ በቃ፣ እዚያው ላይ ያልቃል። ይልቅ ሬዲዮው የት ይቀመጥ እንደነበር ጠይቁ። ጣቢያ የሚፈልገው ማን ነበር? ልጆች እንዲነኩት ይፈቀድ ነበር? የሬዲዮው ድንጋይ፣ ማለትም ባትሪው፣ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር? ያኔ ሳታስቡት ወሬው ይመጣል። ጎረቤት ተሰብስቦ ማዳመጡ፣ በደርግ ጊዜ የውጭ ጣቢያ ለመስማት ድምፁን ቀንሶ ጆሮን ሬዲዮው ላይ መለጠፉ፣ ሞገዱ ልክ በዋናው ዜና ላይ ሲጠፋ የሚሰማው ንዴት። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እሱን እየሰሙ ያደጉ ሰዎች በየሰፈራችሁ ሞልተዋል።

ለጣቢያ ደብዳቤ ጽፈው መልስ የመጣላቸው ካሉ ደብዳቤውን ፎቶ አንሡት። ፖስታውንም አትርሱ፤ ማኅተሙ ላይ ቀንና ከተማ አለ። ስትቀዱ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የባለታሪኩን ስም በድምፃችሁ ተናገሩ። ስማቸው እንዲወጣ ካልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሩ። ቅጂውንም ስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡት።