ፕሮቲን የተበላሸ ዲኤንኤን የሚያገኘው በዳሰሳ ነው

ሰላም እህቴ፣ «ፕሮቲን ዓይን የለው፤ ታዲያ ከ3 ቢሊዮን ጥንድ ፊደል መሃል ፀሐይ ያበላሸችውን ቦታ በምን ያገኘዋል?» ላልሽው። ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ ሳስተምር ለብዙ ጊዜ ያስቸገረኝ ጥያቄ ነው። መጽሐፉ «ይለየዋል» ብሎ ያልፋል። ተማሪ ግን በዚህ አይረካም፣ እውነቱንም ነው።

ለእኔ የገባኝ በአባቴ ገመድ ነው። ከሁለት ፈትል የተገመደ የቃጫ ገመድ። ጤፍ ጭኖ ገበያ ለመሄድ ሌሊት ሲነሳ፣ በጨለማ በእጁ እያጎበጠ ይፈትሸዋል። ደህናው ቦታ እምቢ ይላል። አንዱ ፈትል የተጎዳበት ቦታ ግን እጥፍ ይልና ጉንጉኑ ይከፈታል።

ዲኤንኤም እንደዚያ ገመድ ከሁለት ፈትል የተገመደ ነው፤ የአንዱ ፈትል ፊደሎች (ዲኤንኤ የተሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ከማዶው ፈትል ፊደሎች ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይያያዛሉ። ኤክስፒሲ የሚባለው ፕሮቲን ሥራም እንደ አባቴ ፍተሻ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎችን ሲያጣብቅ፣ ከማዶ አጋሮቻቸው ጋር ያላቸው ትስስር ይላላል። የፕሮቲኑ አንዱ ዶሜይን (ራሱን የቻለ ክፍሉ) አጠገቡ ያለውን ደህና ዲኤንኤ ጨብጦ ይቆማል። ከሌላው ዶሜይን ደግሞ ቤታ ሄርፒን የሚባል ጣት የመሰለ ክፍል በላላው ቦታ ሰርጎ ይገባል፣ የተጣበቁት ፊደሎችም ወደ ውጭ ይገለበጣሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የራድ4 ምስል (ራድ4 በእርሾ ውስጥ ያለው የኤክስፒሲ አቻ ፕሮቲን ነው) ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እዚያ ላይ ያስደነቀኝ ነገር ቢኖር፣ ዶሜይኖቹ የሚጨብጡት የተበላሹትን ፊደሎች ሳይሆን ከማዶ ያሉትን ጤነኞቹን መሆኑ ነው! ስለዚህ የጉዳቱን ዓይነት ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሲጋራ ጭስ ኬሚካል የተለጠፈበትንም በዚሁ ዘዴ ያገኘዋል።

ድክመትም አለው። 6-4 የሚባለው የፀሐይ ጉዳት ዲኤንኤውን ክፉኛ ስለሚያዛባው ቶሎ ይያዛል። ሳይክሎቡታን ዳይመር የሚባለው ግን ብዙም አያናጋውም፣ ኤክስፒሲ ብቻውን ከሆነ ሊያልፈው ይችላል። እዚህ ላይ ዲዲቢ2 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይደርስለታል። እሱ ጉዳቱን ራሱን ገልብጦ በኪሱ ይይዘዋል፣ ከዚያ ለኤክስፒሲ ያስረክባል። ቀጥሎ ኤክስፒዲ የተባለው ኢንዛይም በፈትሉ ላይ እየሄደ ጉዳቱ እውነት መሆኑን ያጣራል፣ ወደ 30 የሚጠጋ ፊደል ተቆርጦ ይወጣል፣ ክፍተቱም በአዲስ ይሞላል።

የኤክስፒሲ ጂን ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት ልጅ ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባል፣ ፀሐይ ያበላሸችው ዲኤንኤ በደንብ የማይጠገንበት የዘር በሽታ ይይዘዋል፣ የቆዳ ካንሰርም ገና በልጅነቱ ሊመጣበት ይችላል። የኛ ደጋ ደግሞ ከፍታው ብዙ ነው፣ ጨረሩ ይበረታል። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ፀሐይ ያገኘው ፊቱና እጁ ጠቃጠቆ የሞላበት ሕፃን ካየሽ፣ እባክሽ ለእናቱ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቶሎ እንድትወስደው ንገሪያት። እስከዚያውም ከፀሐይ ትከልለው።