መልስ፦ ችግረኛ ጎረቤትን ሳያሳፍሩ መርዳት

በሰው አገር ስትኖር ችግረኛ ጎረቤቶችህን ሳታሳፍር እንዴት እንደምትረዳ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ከገንዘብ አልጀምርም። ገንዘብ የተቀበለህ ሰው በማግስቱ ደረጃ ላይ ሲያገኝህ አንገቱን ይደፋል። መጀመሪያ አንተ አስቸግረው፤ መሰላል ተዋሰው፣ ቆሻሻ የሚነሳው መቼ እንደሆነ ጠይቀው። እሱ ውለታ ከዋለልህ ያንተን መቀበል አይከብደውም።

ለልጁ ጫማ ስትሰጥ «ከምጥለው ብዬ ነው» አትበል፣ በናትህ! ጠርገህ፣ የተበጠሰ ክር ካለው ቀይረህ፣ «ለእኔ ልጅ ስለጠበበው ነው» ብለህ ስጥ። ፎቶ ማንሳትማ ጭራሽ አይታሰብም። አሮጊት ጎረቤትህ ዕቃ ተሸክመው ሲመጡ ደግሞ ጥሪ ሳትጠብቅ ተቀበላቸው።

ለኪራይ ብድር ከጠየቁህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባይመለስ የማያናጋህን ያህል ብቻ ስጥ፣ ቀን ቆርጠህም አታስጨንቅ።