ስለ ሪፍና ስለ ደሴት አስጋሪዎች፦ ጥያቄና መልስ ከመረብ ፈቺ ጋር

መረብ ፈቺ፦ ቃል በገባሁት መሠረት መጥቻለሁ። ኮራል እንስሳ እንጂ ድንጋይ እንዳልሆነ፣ ሪፍም እሱ የሚገነባው ቤት እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። አንድ ልመና አለኝ፤ «ማስገር ይከልከል ወይስ አይከልከል?» እያላችሁ አትምጡብኝ። የትኛው ዓሣ? በምን መሣሪያ? በየትኛው ወር? ሦስቱን ይዛችሁ ኑ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ማዕበል፦ ጋሼ ሰላም። አስጋሪው የሚወስደው ዓሣውን ነው፣ ኮራሉን አይነካውም። ታዲያ ዓሣው ስላለቀ ኮራሉ ምን ሆኖ ይሞታል?

መረብ ፈቺ፦ የነገሩ ሥር ይሄ ስለሆነ ሰፋ አደርገዋለሁ። ሪፍ ላይ ኮራልና አልጌ (እንደ ሣር ያለው የባሕር ዕፅ) በቦታ ይጣላሉ። አልጌ ባዶ ድንጋይ ካገኘ በሳምንታት ውስጥ ይሸፍነዋል። ድቡልቡሉ ጠንካራ ኮራል ግን በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያድግ ነው። ገላጋይ ከሌለ ማን እንደሚያሸንፍ አትጠይቁኝ። ገላጋዮቹ አልጌ በል ዓሣዎች ናቸው፤ በቀቀን ዓሣ፣ ሰርጀን ዓሣ፣ ጥንቸል ዓሣ።

በቀቀን ዓሣን ውኃ ውስጥ ከማየታችሁ በፊት ድምፁን ትሰሙታላችሁ፤ ጠጠር በጥርስ ሲፈጭ ማለት ነው። ጥርሱ ተጣብቆ የወፍ ምንቃር ስለሚመስል ድንጋዩን ፍቆ ሲያልፍ ነጭ ጭረት ይተዋል። ትንሽ ዋኝቶ ደግሞ ከኋላው ነጭ ደመና ይለቃል፤ አሸዋ ነው። ግንባሩ ላይ ጉብታ ያለበት ትልቁ ዝርያ አንዱ ብቻውን በዓመት ከ5 ቶን በላይ የሪፍ ድንጋይ ይፈጫል። የኮራል እጭ የሚያርፈው እንዲህ በተፋቀ ንጹሕ ቦታ ላይ ነው። አልጌ በወረሰው ላይ አያርፍም።

አሁን ጃማይካን ውሰዱ። እዚያ አልጌ በሉም አዳኙም ዓሣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በወጥመድ ተለቅሞ ነበር። ሆኖም ሪፉ ደህና ይመስል ነበር፤ ምክንያቱም እሾሃማው ጥቁር የባሕር ጃርት የዓሣዎቹን ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር። በ1980 አለን የተባለው አውሎ ነፋስ ኮራሉን ሰባበረው። በ1983 ደግሞ በሽታ ገብቶ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በመላው ካሪቢያን ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነውን ጃርት ጨረሰው። ተተኪ ሠራተኛ አልነበረም። በ1977 ሕያው ኮራል የሪፉን ግማሽ ያህል ሸፍኖ ነበር፤ በ1993 የቀረው 3 በመቶ ገደማ ነው። የቀረውን ማን እንደወረሰው ገባችሁ።

ብርቱካን፦ በቀቀን ዓሣን ማስገር የከለከለ አገር አለ?

መረብ ፈቺ፦ አለ። ቤሊዝ በ2009 በቀቀን ዓሣንም ሰርጀን ዓሣንም ከለከለች። የካሪቢያኗ ደሴት ቦኔር በ2010 በቀቀን ዓሣን ከለከለች፤ ቤርሙዳ ደግሞ ቀደም ብላ በ1990 የዓሣ ወጥመድን ራሱን አስቀረች። የቤርሙዳው ብልኅነት ይታየኛል። ወጥመድ ዓሣ አይመርጥም፤ «ይሄን ያዝ፣ ያንን ተው» ብትለው አይሰማህም።

ተጠራጣሪው፦ ይቅርታ፣ ይሄ ሁሉ ስለ በቀቀን ዓሣ የሚወራው የተጋነነ ነው። ኮራሉን የገደለው ሙቀት ነው። ውኃው ሲሞቅ ክልሉም፣ ማለትም ማስገር የተከለከለበት ሪፍ፣ ያልተከለለውም እኩል ነጣ። ዓሣ አስጋሪው ላይ የምትጮኹት አቅመ ቢስ ስለሆነ ነው።

ማዕበል፦ ሙቀቱን የካደ አለ እንዴ? ስለ ዓሣ ነው የተጠየቀው።

ተጠራጣሪው፦ ጭራሽ በቀቀን ዓሣ ራሱ ሕያው ኮራል ይበላል! ይህን ለምን ዘለሉት?

የአስጋሪ ልጅ፦ እኔ አባቴ በጦር ዓሣ ወግቶ ነው ያሳደገኝ። እናንተ ተቀምጣችሁ ትከራከራላችሁ፣ መርከብ ሙሉ መረብ ይዞ የሚመጣውን ግን ማንም አይናገረውም።

ተጠራጣሪው፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ማዕበል፦ አላልክም፣ ስለ ሙቀት ነው ያልከው።

መረብ ፈቺ፦ ቆይ፣ ቆይ። ተጠራጣሪው ግማሹ እውነት አለው። ጉብታማው በቀቀን ዓሣ ከሚበላው ግማሽ ያህሉ ሕያው ኮራል ነው፤ እንደ እሱ ያለው ዝርያ ግን ጥቂት ነው። ሙቀቱንም መከለል አይመልሰውም። በ1998 ሲሸልስ ውስጥ የማዕከላዊ ደሴቶቹ ኮራል ከመቶ 90 በላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ክትትል ከተደረገባቸው 21 ሪፎች 12ቱ አገገሙ፣ 9ኙ አልጌ ወረሳቸው። መከለላቸው ወይም አለመከለላቸው ልዩነት አላመጣም። ይህን የምነግራችሁ ራሴ ክልል የምደግፍ ሰው ሆኜ ነው። ልዩነት ያመጣው ጥልቀቱ፣ የሪፉ ስርጉድና ጉብታ ሳይደረመስ መቆየቱ፣ የሕፃን ኮራል ብዛት፣ ከየብስ የሚወርደው ቆሻሻ ማነስና... አዎ ተጠራጣሪው፣ የአልጌ በል ዓሣ ብዛት ነው። ዓሣ ሙቀትን አይከላከልም፤ ከሙቀቱ በኋላ ቦታውን ያጸዳል። ይህ ክርክር እዚህ ይብቃ።

የመርከቡን ጉዳይ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ ትልልቆቹ መርከቦች በብዛት ቱና ፍለጋ ጥልቁ ውኃ ላይ ናቸው። ሪፉን የሚነካው አብዛኛው ማስገር ቅርብ ያለው፣ የትንሽ ጀልባው ነው። አባትህን ለመውቀስ አይደለም፤ ሕጉ እሱ ሊፈጽመው የሚችል መሆን አለበት ለማለት ነው።

ሐመር፦ ማስገር ለተወሰነ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢከለከልስ?

መረብ ፈቺ፦ መግቢያዬን አንብብ። የትኛው ዓሣ? በምን መሣሪያ? በየትኛው ወር?

ሊሊ፦ የሞተው ሪፍ ላይ ኮራል መትከል አይቀልም?

መረብ ፈቺ፦ አልጌ በል ዓሣ በሌለበት ከሆነ አይቀልም። የተከልሽውን አልጌ ይቀብረዋል።

ዳር ቆሚ፦ እርስዎ ክልል እደግፋለሁ ብለዋል። የተከለለ ቦታ አስጋሪውን ጠቅሞ ያውቃል?

መረብ ፈቺ፦ ፊሊፒንስ ውስጥ ሱሚሎን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከሪፏ ሩብ ያህሉ በ1974 ተከለለ፤ ቀሪው ይሰገር ነበር። በ1984 ጥበቃው ፈረሰና ሁሉም ገባ። ሁሉም ከገባ በኋላ አጠቃላይ ምርቱ ከግማሽ በላይ ወረደ። ልብ በሉ፣ የሚሰገርበት ቦታ ሰፍቶ ነው ምርቱ የወረደው። ጎረቤቷ አፖ ግን በ1982 ከሪፏ አሥረኛ ገደማውን ከለለች፤ መንደርተኛው ራሱ ጠባቂ ሆነ፣ እስከ ዛሬም ይዘልቃል። ጠባቂ የሌለው ክልል የካርታ ቀለም ነው። ይህን ደጋግሜ እለዋለሁ።

ብርቱካን፦ መጠን ላይ ምን ይላሉ? ትንሹን መልቀቅ በቂ ነው?

መረብ ፈቺ፦ አይበቃም፣ ትልቁንም ልቀቁ። 61 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንዲት ቀይ ስናፐር የምትጥለው እንቁላል 42 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 212 እናቶች ከሚጥሉት ጋር ይተካከላል። ሂሳቡን ለገበያ ዋጋ አስሉትና እናንተው ፍረዱ። በቀቀን ዓሣ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች ዓሣው ሴት ሆኖ ጀምሮ ሲተልቅ ወንድ ይሆናል። ስለዚህ ትልልቁን ብቻ የሚመርጥ ሰው ወንዶቹን ይጨርሳል። ማታ በመብራትና በኦክስጅን ሲሊንደር...

ሐኪሙ ልጅ፦ የአየር ሲሊንደር ነው እንጂ ኦክስጅን አይደለም :)

መረብ ፈቺ፦ አየር ይሁንልህ። ማታ በአየር ሲሊንደርና በባትሪ መብራት በጦር መውጋት የሚከለከለው ለዚሁ ነው። በቀቀን ዓሣ ሌሊት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ አንዳንዱ ዝርያ ልጋግ የመሰለ ከረጢት ሠርቶ ራሱን ይሸፍንበታል። አይሸሽም። መምረጥ ነው የሚቀረው።

ሣራ፦ ትልቅ የሪፍ ዓሣ በልቼ ታምሜ ነበር፣ ሲጓቴራ የሚሉት የሪፍ ዓሣ መመረዝ ይሆን?

መረብ ፈቺ፦ እህቴ፣ መርዙን ማብሰል አያጠፋውም፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሐኪም ጠይቂ።

ማዕበል፦ በመግቢያው «በየትኛው ወር» ያሉት ለምንድን ነው?

መረብ ፈቺ፦ እግዜር ይስጥህ፣ አንድ ሰው ጠየቀ! ናሳው ግሩፐር ዓመቱን ሙሉ ለየብቻው የሚኖር ዓሣ ነው። በፈረንጆቹ የብርድ ወራት ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ግን ከሩቅ ሁሉ ተነሥቶ ወደ አንድ የሪፍ ጫፍ ይሄዳል። በሺዎች ይሰበሰባል። ቀለሙ ይለወጣል፤ ጀርባው ይጠቁራል፣ ሆዱ ይነጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ እየተሽቀዳደሙ ወደ ላይ ተወርውረው እንቁላልና ዘር ይለቃሉ። ቦታውን ያወቀ አስጋሪ መንጠቆ መጣል ብቻ ነው ሥራው፤ ዓመት የሚያሳድደውን በሳምንት ይሞላል።

ትንሿ ካይማን በምትባለው የካሪቢያን ደሴት ላይ የሆነው ይሄው ነው። በ2001 አስጋሪዎች 7,000 ያህል ዓሣ የተሰበሰበበትን ጫፍ አገኙ። በሁለት የብርድ ወቅት 4,000 ገደማውን አወጡት። በ2003 መንግሥት መሰብሰቢያውን ዘጋ፤ መጀመሪያ ለዓመታት ለውጥ ያለ አይመስልም ነበር፣ ብዙ ሰውም «አልሠራም» ብሎ ነበር። ከዚያ ቁጥሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። የፓሲፊኳ ደሴት አገር ፓላውም በ1994 የግሩፐርን መራቢያ ወራት በሕግ ዘግታለች። እዚያ ግን ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ አለቆቹ «ቡል» በሚሉት ሥርዓት ሪፍን ለጊዜው ይዘጉ ነበር። ሕጉ የመጣው ሰው በሚያውቀው መንገድ ላይ ነው።

የተዘጋ ወር ዓሣው ከሚሰበሰብበት ጨረቃ ጋር ካልገጠመ ከንቱ ነው። ቢሮ ውስጥ ለቁጥር እንዲመች ተብሎ የተቆረጠ ወር አይቻለሁ፤ ዓሣው ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጥቶ ሄዷል።

የአስጋሪ ልጅ፦ ወሩ ሲዘጋ እኛ ምን እንሁን?

መረብ ፈቺ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የፓሲፊክ ደሴቶች ጥልቁ ውኃ ላይ ተንሳፋፊ ቦያ በመልሕቅ ያስራሉ፤ ቱናና ማሂማሂ የተባለው ዓሣ ጥላው ሥር ይሰበሰባል፣ ትንሹ ጀልባም ሪፉን ትቶ እዚያ ያጠምዳል። ችግሩ ሞተርና ነዳጅ ይፈልጋል። ቀዛፊውን አይረዳውም። የሕንድ ውቅያኖሷ ሮድሪገስ ደሴት ላይ ከ2012 ጀምሮ ኦክቶፐስ ለሁለት ወር ያህል ሲዘጋ አስጋሪዎቹ በሌላ ሥራ ክፍያ ያገኙ ነበር። ኦክቶፐስ ቶሎ ስለሚያድግ ሲከፈት ትልቅ ሆኖ ይጠብቃል። ግሩፐር ላይ ይህን ብትጠብቅ ታዝናለህ።

ሐመር፦ ጋሼ፣ ታዲያ በአጭሩ ማስገሩ ይከልከል?

መረብ ፈቺ፦ ሐመር!

ዳር ቆሚ፦ እኔ የመጨረሻ። ወጥመድ የምጠቀም ሰው ነኝ፤ ገመዱ ተበጥሶ የሚቀረው ወጥመድስ?

መረብ ፈቺ፦ ማንም ሳያወጣው መያዙን ይቀጥላል። የገባው ዓሣ ይሞታል፣ ሬሳው ሌላውን ይጠራል። አንድ እንዲህ ያለ ወጥመድ ስናወጣ ከሥር አጥንት፣ ከላይ ደግሞ ሽቦው ላይ አፍንጫው ተልጦ ቀይ የሆነ ሰርጀን ዓሣ አግኝተናል። ስለዚህ አንዱን ጎን በሚበሰብስ ገመድ እሰረው፤ የጥጥ ወይም የቃጫ ይሁን፣ ናይለን አይሁን። ወጥመዱ ከጠፋ ገመዱ በስብሶ ጎኑ ይከፈታል። ማዕዘኑ ላይም ጠባብ ቁመታም ክፍተት ተውለት፤ ጠፍጣፋውና ትንሹ ዓሣ ይወጣበታል፣ ወፍራሙ ይቀርልሃል። የክፍተቱን ስፋት ከምትይዘው ዓሣ ጋር እያመሳከርክ አስተካክል፤ የትኛው ዓሣ እንደሆነ ጻፍልኝና ነገ እመልስልሃለሁ።