ወርቃማው ዘመን የቱ ነው? የሂፕ ሆፕ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ስለ ራፕ ታሪክ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች አምስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ጓደኛዬ ወርቃማው ዘመን 1994 ነው ብሎ ይሟገተኛል። የኒውዮርክ ራፐሮቹ የናስም የቢጊም የመጀመሪያ አልበም የወጣው ያን ዓመት ነው ይላል። እርስዎስ?» (ከአዳማ)

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አልበሞች ደጋግሜ እሰማቸዋለሁ። የእኔ ወርቃማ ዘመን ግን ከ1987 እስከ 1991 ያለው ነው፤ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ነገር በላይ በላዩ የወጣበት ጊዜ ነውና። ዲጄው ኤሪክ ቢና ራፐሩ ራኪም «ፔይድ ኢን ፉል» የተባለውን አልበም ያወጡት 1987 ነው። ከራኪም በፊት አብዛኛው ራፐር እየጮኸ ነበር የሚናገረው፤ ቤት የሚመታውም በስንኙ መጨረሻ ላይ ነበር። ራኪም ድምፁን ሳያነሳ፣ በስንኙ መሃል ጭምር ቤት እየመታ፣ ሐሳቡን ከአንዱ ስንኝ ወደ ሌላው እያሻገረ መጣ። ናስም የተነሳው ከዚህ ነው።

በዚያው ዓመት ኤስፒ-1200 የሚባለው የሳምፕል ማሽን ገበያ ላይ ዋለ፤ ሳምፕል ማለት ከሌላ ሰው ቅጂ ቁራጭ ድምፅ ወስዶ በአዲስ ዘፈን መጠቀም ነው። መያዝ የሚችለው 10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። ፕሮዲውሰሮቹ (ሙዚቃውን የሚያቀናብሩት) ቦታ ለመቆጠብ በ33 ዙር የሚጫወተውን ሸክላ በ45 አስሩጠው ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። የዚያ ዘመን ከበሮ ሻከርና ወፈር ብሎ የሚሰማው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

«እንደ ራፕ ቡድኑ ፐብሊክ ኤነሚ ድምፅ በድምፅ ላይ የሚደራርብ ሰው ዛሬ ለምን ጠፋ? ችሎታው የለም?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ችሎታውማ አለ፤ መንገዱን የዘጋው ሕጉ ነው። ቦምብ ስኳድ የሚባሉት የፐብሊክ ኤነሚ ፕሮዲውሰሮች ለአንድ ዘፈን ከብዙ ሸክላዎች ጩኸቱን፣ ጥሩምባውን፣ ንግግሩን እየለቀሙ ያነባብሩ ነበር። ዲሴምበር 1991 ላይ ግን ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ፍርድ ተሰጠ። ራፐሩ ቢዝ ማርኪ የዘፋኙን የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ሳያስፈቅድ ሳምፕል አድርጎ ነበር። ዳኛ ኬቨን ደፊ ውሳኔያቸውን «አትስረቅ» በሚለው የኦሪት ትእዛዝ ጀመሩ፤ ሽያጩን አገዱ፤ ጉዳዩንም ለወንጀል ዐቃቤ ሕግ መሩት።

ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ ሁሉ ፈሩ። አንድ ቁራጭ ድምፅ ለመጠቀም ከሁለት ወገን ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ ከዘፈኑ ደራሲና ከቅጂው ባለቤት። አንድ ሳምፕል ቢሆን ይቻላል፤ አስራ አምስት ሲሆን ግን ከዘፈኑ የሚተርፍ ገንዘብ የለም። የሎስ አንጀለሱ ፕሮዲውሰር ዶክተር ድሬ 1992 ላይ ለ«ዘ ክሮኒክ» አልበሙ ብዙውን ነገር ሙዚቀኞች አስገብቶ እንደ አዲስ አስጫወተ። እንደገና ከተጫወተ የሚከፈለው ለደራሲው ብቻ ነው። የሎስ አንጀለሱ ድምፅ ጥራት ከድሬ ጆሮ የመጣ ነው፤ ሕጉም ወደዚያው እንደገፋው አምናለሁ።

ባለቤቱ ሊከፈለው ይገባል፣ በዚህ አልከራከርም። የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ነው። የጄምስ ብራውን ከበሮ መቺ ክላይድ ስታብልፊልድ «ፈንኪ ድራመር» ላይ የመታው ምት በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ ሳምፕል ከተደረጉት አንዱ ነው። የዘፈኑ ደራሲ ተብሎ ስላልተመዘገበ ግን ከሳምፕሉ ድርሻ አልነበረውም። ሕጉ የመቺውን እጅ አላየም። የራፕ ቡድኑ የዴ ላ ሶል የ1989 አልበምም በሳምፕሎቹ ጣጣና በኮንትራት ጭቅጭቅ እስከ ማርች 2023 ድረስ ስትሪሚንግ ላይ አልነበረም። አንድ ትውልድ ሳይሰማው አደገ።

«ሂፕ ሆፕ ኦገስት 11 ቀን 1973 ተወለደ መባሉ እውነት ነው?» (ከጎንደር)

ፓርቲው እውነት ነው። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና፣ 1520 ቁጥር ሕንፃ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ብላ አዘጋጀችው፤ መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። ሸክላ ያጫወተው ከጃማይካ የመጣው ወንድሟ ዲጄ ኩል ኸርክ ነው። ጨፋሪው የሚነቃው ዘፋኙ ዝም ሲልና ከበሮው ብቻውን ሲቀር መሆኑን አስተውሎ፣ ያቺን አጭር ቦታ በሁለት ተመሳሳይ ሸክላዎች እያፈራረቀ አስረዘማት።

ለእኔ ግን ትልቁ መታጠፊያ 1979 ነው። እስከዚያ ድረስ የሂፕ ሆፕ ባለቤት ዲጄው ነበር። የሸክላ አሳታሚዋ ሲልቪያ ሮቢንሰን ኒው ጀርዚ ላይ ሦስት ልጆች ሰብስባ «ራፐርስ ዲላይት»ን ስታስቀዳ፣ ከሥር ያለውን የቺክ ባንድ ዘፈን «ጉድ ታይምስ» የተጫወተው የስቱዲዮ ባንድ ነው። ዲጄው ወደ ኋላ ቀረ፣ ራፐሩ ፊት ወጣ። ከሦስቱ አንዱ ከተናገረው ግጥም ብዙው ደግሞ የብሮንክሱ ራፐር የግራንድማስተር ካዝ ነበር፤ ስሙ አልተጠቀሰለትም።

«እዚህ አትላንታ ለሚኖር ሰው ክርክሩ ሁሉ ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ብቻ መሆኑ ያናድዳል።» (ከአትላንታ)

ያናድዳል፤ ልክ ነህ። ኦገስት 1995 በዘ ሶርስ መጽሔት ሽልማት ላይ የአትላንታዎቹ ሁለት ራፐሮች አውትካስት ሲሸለሙ የኒውዮርክ ታዳሚ ጮኸባቸው። ከሁለቱ አንዱ አንድሬም «ደቡብ የሚለው ነገር አለው» ብሎ ወረደ። በ2004 የእነሱው ድርብ አልበም በግራሚ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተባለ። ከዚያ ወዲህ የራፕን ከበሮ አመታት የምትወስነው በአብዛኛው የአንተ ከተማ ናት።

«ወርቃማ ዘመን ብለው ዝርዝር የሚያወጡ ሰዎች ሴት የማይጠሩት ለምንድን ነው?» (ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ሁለቱን መነሻዎች እንደገና ተመልከቺ፤ ፓርቲውን ያዘጋጀችው ሲንዲ፣ ሸክላውን ያሳተመችው ሲልቪያ ናቸው። ራፐሯ ሮክሳን ሻንቴ 1984 ላይ በ14 ዓመቷ ዩቲኤፍኦ ለተባለው የወንዶች ቡድን ዘፈን በሸክላ መልስ ሰጥታለች። ኤምሲ ላይት 1988፣ ኩዊን ላቲፋ 1989 የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ሚሲ ኤሊየት ከፕሮዲውሰሩ ቲምባላንድ ጋር 1997 ላይ ያመጣችውን አዲስ ምት ፖፑም ሳይቀር ተከትሎታል። የሎሪን ሂል አልበም ደግሞ በ1999 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሲወስድ፣ ለሂፕ ሆፕ የመጀመሪያው ነበር። እነዚህን የዘለለ ዝርዝር ሲደርሰኝ ቀሪውን አላነበውም።