ባንክ ልግባ ወይስ ኳሴን ልቀጥል?

ጥያቄሽን አሳጥሬ ልጀምር። 23 ዓመትሽ ነው፣ በአካውንቲንግ ተመርቀሻል፣ ለአንድ ክለብ ቮሊቦል ትጫወቻለሽ። አሁን ደግሞ የባንክ ፈተና አልፈሽ ተጠርተሻል። እናትሽ "ኳሱ ይብቃሽ፣ እንጀራሽን ያዢ" ይሉሻል። አንቺ ግን ኦሎምፒክ ላይ ያየሻት ጃፓናዊት የከርሊንግ ተጫዋች ቢሮ ትሠራለች መባሉን ሰምተሽ "እውነት ነው? እሷ ሁለቱን ካስኬደች እኔስ?" ብለሽኛል።

እውነት ነው። ያየሻት ሳትሱኪ ፉጂሳዋ ትመስለኛለች። የኪታሚ ከተማ ልጅ ናት፣ በሰሜን ጃፓን ሆካይዶ ውስጥ። ጨዋታውን ለማያውቅ፦ 20 ኪሎ የሚጠጋ የግራናይት ድንጋይ በረዶ ላይ ታንሸራትቻለሽ፣ ጓደኞችሽ ከፊቱ በረዶውን በመጥረጊያ እየፈተጉ መንገዱን ያስተካክሉለታል፣ አንቺ ደግሞ ከኋላ ትጮሂባቸዋለሽ። በኪታሚዋ ቶኮሮ ጨዋታው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲለመድ ድንጋይ ስላልነበረ በቢራ በርሜል ነበር የሚጫወቱት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። ያኔ ይሄ ነገር እንጀራ ይወጣዋል ብሎ ያሰበ የነበረ አይመስለኝም።

ፉጂሳዋ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ካሩይዛዋ የምትባል ከተማ ሄደች። እዚያ ቹቡ ኤሌክትሪክ የሚባለው የመብራት ኩባንያ የራሱ ቡድን ነበረው። ከ2011 እስከ 2014 በተከታታይ አራት ጊዜ የጃፓን ሻምፒዮን ሆነች። የሶቺ ኦሎምፒክ ማጣሪያ ላይ ግን ወደቀች። በ2015 ለቃ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች፣ ሎኮ ሶላሬ የሚባለውን ቡድን ተቀላቀለች፣ ኪታሚ ውስጥ የኢንሹራንስ ወኪል ቢሮ ተቀጠረች። የቡድን ጓደኛዋ ቺናሚ ዮሺዳ ደግሞ እዚያው ከተማ የቶዮታ መኪና ሻጭ ዘንድ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፣ በ2018ቱ ኦሎምፒክ ነሐስ፣ በ2022ቱ ብር።

እዚህ ጋ ግን ቆም በይ። አንቺ የሰማሽው "ቢሮ እየሠራች ትጫወታለች" የሚለውን ብቻ ነው። ቀጣሪዎቹ ሲቀጥሯቸው ግን ተጫዋች መሆናቸውን አውቀው፣ በውድድር ወቅት ካናዳና አውሮፓ እንደሚዞሩም ተስማምተው ነው። ተደብቃ ልምምድ የምትሄድ፣ አለቃዋን "አሞኛል" የምትል ልጅ አይደለችም።

ታዲያ ሜዳሊያ እያላት ቢሮ ምን አስኬዳት? የጃፓን ኦሎምፒክ ኮሚቴ ለነሐስ 1 ሚሊዮን የን፣ ለብር 2 ሚሊዮን የን ይሰጣል። ደህና ገንዘብ ነው፣ ግን በአራት ዓመት አንዴ፣ ያውም ከቀናሽ። የ2018ቱን ነሐስ እኮ የወሰነው የእሷ ድንጋይ እንኳ አልነበረም። የብሪታንያዋ ስኪፕ (የቡድኑ መሪ) የመጨረሻዋን ድንጋይ ለቀቀች፣ ድንጋዮቹ ተጋጭተው ሲቆሙ ለመሃሉ የቀረበው የጃፓን ሆኖ ተገኘ፣ 5 ለ 3 አለቀ። የቤት ኪራይ በዚህ ላይ አይታሰብም።

እኔ ግን ከፉጂሳዋ ይልቅ እንድታውቂያት የምፈልገው ሳያካ ዮሺሙራን ነው። እሷም የኪታሚ ልጅ ናት። በ2021 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ማጣሪያ፣ ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን ያሸነፈ በሚያልፍበት፣ በሆካይዶ ባንክ ስም ስትጫወት ፉጂሳዋን 2 ለ 0 መርታ አንድ ድል ብቻ ቀርቷት ነበር። ሦስቱን ተከታትላ ተሸነፈች። ብዙም ሳይቆይ ከባንኩ ጋር የነበራቸው ውል አበቃ። እሷና ጓደኞቿ ፎርቲየስ ብለው ራሳቸውን ችለው ስፖንሰር ፍለጋ ወጡ። በ2023 መጨረሻ ወለደች፣ ተመለሰች፣ በ2025 የጃፓን ሻምፒዮና በላች፣ በዚያው ዓመት የኦሎምፒኩን የሀገር ውስጥ ማጣሪያም አሸነፈች፣ ሎኮ ሶላሬ በተራው ቀረ።

ወዳንቺ እንመለስ። እኔ ባንኩን ግቢ ነው የምልሽ፣ ግን ዝም ብለሽ አትፈርሚ። መጀመሪያ ከክለብሽ የዓመቱን የውድድር ፕሮግራም በወረቀት ተቀበይ። ከዚያ የሰው ኃይል ክፍል ሄደሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የትኛው ቅርንጫፍ ነው የምመደበው፣ ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት ነው፣ ለውድድር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል ወይ? የቅርንጫፉን ነገር አትናቂው፣ ከልምምድ ሜዳው ሁለት ታክሲ ከራቀ ማታ ማታ አትደርሺም፣ አለቀ። የሚሉሽን በጽሑፍ ያዢ፣ ቢያንስ በኢሜይል። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው፣ በዚያ ውስጥ ፈቃድ አትጠይቂ፣ ውድድር ከገጠመሽም ክለቡን አስቀድመሽ አሳውቂ።

ደግሞ ንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን እንዳለው ታውቂያለሽ። ቮሊቦል የሚያጫውት መሥሪያ ቤት ካለም ክለብሽ ውስጥ ያሉ ትልልቆቹ ልጆች ያውቃሉ፣ ከእኔ ይልቅ እነሱን ጠይቂ።

ለእናትሽ አሁን ምንም አትመልሺ። ባንኩ የሚልሽን ስትሰሚ ፕሮግራሙን ፎቶ አንስተሽ አያይዢና ጻፊልኝ፣ የትኞቹ ቀኖች እንደሚጋጩ አብረን እናያለን።