አንዱ መርፌ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ትልቋ ልጄ በ14 ዓመቷ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሁለት ጊዜ ተወግታለች። የ13 ዓመቷን ታናሿን ግን ትምህርት ቤት አንዴ ወግተው «በቃሽ» አሏት፤ ወዲያው ራሷን ስታ ወደቀች። አልተስማማትም ማለት ነው? እኔስ በ38 ዓመቴ ልከተብ?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ለታናሿ አንዱ ይበቃታል። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው። አንዴ የተከተቡትም በደንብ እንደሚጠበቁ ስለታየ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ዶዝን ተቀበለ፤ ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ወደዚያው ዞረች። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ልጅ ግን ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ያስፈልጋታል። ይህ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የሚነገር ስላልሆነ መድኃኒት በምትወስድበት ጤና ተቋም ብትከተብ ይሻላል።

ራሷን መሳቷ ብቻውን አልተስማማትም አያሰኝም። ክትባቱ ውስጥ ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ በሕይወት የለም፤ የቫይረሱን ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ነው። በዚህ ዕድሜ ማንኛውም መርፌ ሊጥል ይችላል፦ ቁርስ ሳይበሉ፣ ቆመው፣ የፊተኛዋ ስትወጋ እያዩ ይፈራሉ። የሚያሰጋው ጭንቅላት ከሲሚንቶ ጋር መጋጨቱ ነው። ለሌላ መርፌ ስትሄድ በልታ ትሂድ፣ ተቀምጣ ትወጋ፣ 15 ደቂቃ እዚያው ትቆይ። ከወደቀች በጀርባዋ አስተኝቶ እግሯን ከፍ ማድረግ ነው፤ ክብሪት ማሽተቱ ይቅር። ሰውነቷ በሽፍታ ከተወረረ፣ ከንፈሯ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ከባድ አለርጂ ነው፤ ወዲያውኑ አድሬናሊን ይወጓታል፣ ይህን ክትባትም አትደግምም።

ወደ እርስዎ ስንመጣ፣ ክትባቱ ቀድሞ የገባን ቫይረስ አያስወጣም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚደረገው ቅድመ ምርመራ ነው። በብዙ ጤና ጣቢያ ባለሙያዋ የማኅፀን በሩን ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በኮምጣጤው አሲድ፣ በጥጥ ትቀባለች። ትንሽ ያቃጥል ይሆናል። ከዚያ አንድ ሙሉ ደቂቃ ጠብቃ ታያለች፤ ከቸኮለች የተለወጠው ቦታ የሚያሳየው ነጭ ምልክት ሳይወጣ ያመልጣታል። በወር አበባ ቀን አይሂዱ፣ ደሙ ይሸፍናል። ካረጡ በኋላ ደግሞ መታየት ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በዓይን ማየቱ አያስተማምንም።

ጠርዙ የለየ ነጭ ነገር ከታየና ትንሽ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በሙቀት ወይም በማቀዝቀዝ ይታከማል። ለሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፤ ለአንድ ወር ግንኙነት አይፈጽሙ። ንጹሕ ከሆነም የሚመለሱበትን ቀን ካርድዎ ላይ ያስጽፉ።

ሁለቱ ልጆችዎም 30 ሲሞላቸው ይመርመሩ፤ ክትባቱ ዋና ዒላማ ያደረጋቸው 16 እና 18 የተባሉት የቫይረሱ ዝርያዎች የሚያመጡት ከካንሰሩ 70 በመቶ ያህሉን ነው። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ ወዲህ ደም ካዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ።