ሠራተኛው ለውጡን ለምን አልተቀበለም? ጥያቄና መልስ

ለውጥ ስለመምራትና ስለ ሰው ባሕርይ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ተራ በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አዲሱን አሠራር ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠርቼ አስረዳሁ። ሁሉም እሺ ይላል። ሲወጣ ግን ወደ ድሮው ይመለሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለአራተኛ ጊዜ አያስረዱ፣ ገብቷቸዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፉት፣ ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ይከብደዋል። እርስዎ ስለ ጥቅሙ ሲያወሩ፣ ሥራውን አብጠርጥሮ የሚያውቀው ሠራተኛ ነገ እንደ ጀማሪ ሊሆን መሆኑን ያስባል። «ይሄ ሲመጣ ምን ይቀርባችኋል?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ሳያቋርጡ ያዳምጡ።

ጥያቄ፦ ሁሉን ካማከርን መቼ ልንሠራ ነው? አለቃ ቢወስን አይቀልም?

መልስ፦ መወሰኑ ይቀላል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሌስተር ኮክና ጆን ፍሬንች እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተሙትን ጥናት በጣም እወደዋለሁ። ቦታው አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረ፣ ሀርውድ የተባለ የፒጃማ ፋብሪካ ነው። የሥራው ዘዴ ሲቀየር ለአንዱ ቡድን ውሳኔው ተነገረው፣ አለቀ። በሌሎች ሁለት ቡድኖች ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ ስለ አዲሱ አሠራር ሐሳብ ሰጠ። የተነገረው ቡድን ምርቱ ወርዶ ቀረ፤ በ40 ቀን ውስጥ 17 በመቶው ሥራ ለቀቀ። የተሳተፉት ቶሎ አገግመው የቀድሞውን ምርት በ14 በመቶ ገደማ አለፉ። አንድም ሰው አልለቀቀም።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ውሳኔው ብቻ ተነግሮት ካኮረፈው ቡድን የቀሩት ሠራተኞች ከወራት በኋላ ሌላ ሥራ ሲሰጣቸው በውይይቱ ተሳተፉ። እነዚያው ሰዎች በፍጥነት ለመዱት። ስለዚህ «የኔ ሰዎች አስቸጋሪ ናቸው» ከማለትዎ በፊት አካሄድዎን ይፈትሹ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ውሳኔው ካለቀ ለማስመሰል አያማክሩ። ያለቀውን «አልቋል» ይበሉ፤ ክፍት የሆነውን ለውይይት ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ በሚያረፍዱት ላይ ቅጣት ብንጥልስ?

መልስ፦ ይጠንቀቁ። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ እስራኤል ውስጥ ያሉ የሕፃናት ማቆያዎች ልጅ ለመውሰድ በሚያረፍዱ ወላጆች ላይ ቅጣት ጣሉ። የሚያረፍደው በዛ! ቀድሞ ይሉኝታ ነበር፤ አሁን ከፍለው የሚገዙት ሰዓት ሆነ። ቅጣቱ ሲነሳም ይሉኝታው አልተመለሰም።

ጥያቄ፦ በስብሰባ ላይ ማንም ችግር አያነሳም። ደህና ነን ማለት ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ የተሻለ ተግባብተው የሚሠሩት ብዙ ስህተት ሪፖርት ያደርጉ ነበር። ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው። መጀመሪያ ስህተቱን የነገረዎትን ሰው ምን እንዳሉት ያስታውሱ። ሌሎቹ ያንን አይተዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ ልማድ በ21 ቀን ይያዛል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የለኩት መካከለኛው 66 ቀን ነው፤ ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። በወሩ መጨረሻ «አልሠራም» ብለው አይተዉት። በሦስተኛው ወር እንደገና ይዩት።